ከአቃቂ ወንዝ ዳር እስከ ዓለም ጉባኤ፦ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አነስተኛ ሴሚናር የማዘጋጃ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2019 ቫኑዋቱ በምትባለው የፓስፊክ ደሴት አገር፣ በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ተነሡ። መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው ወይ? ግዴታቸውን ካልተወጡስ በሕግ ምን ይከተላቸዋል? ጥያቄው ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ለአካባቢው አገሮች መሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳባቸውን የራሱ አደረገው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ያለ አንዳች ተቃውሞ ወደ ፍርድ ቤቱ መራው፤ ሐምሌ 23 ቀን 2025 ደግሞ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ «አዎ፣ መንግሥታት ግዴታ አለባቸው፤ የጣሰም በሕግ ይጠየቃል» የሚል የምክር አስተያየት ሰጡ።

ይህን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስነግር ከኋላ ወንበር የሚመጣው ምላሽ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ቲቸር፣ እነሱ ሌላ ናቸው። እኛን ማን ይሰማናል?»

የማስተምረው ከቃሊቲ አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቼ ከአቃቂ፣ ከቂሊንጦ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን በታክሲና በአውቶቡስ ይመጣሉ። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያሉት እነሱ በሚኖሩበት ከተማ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ሕንፃዎቹን የሚያውቋቸው ከታክሲ መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳል። ያን ጊዜ መንገድ ሲዘጋ ብቻ ጉባኤ መኖሩን የሚሰማ ተማሪ እንዲኖረን አልፈልግም። ከዚህ በታች የምጽፈው በኮሌጅ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ነው፤ ራሳቸውን አደራጅተው መጀመር ለሚፈልጉ ተማሪዎችም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ክፍሉን ይከፋፍሉ

ሴሚናር ስንል ተማሪ ተነሥቶ ስላይድ የሚያነብበት ፕረዘንቴሽን ማለታችን አይደለም። ከ12 እስከ 15 ሰው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይቀመጣል፣ አንድ ጽሑፍ አንብቦ ይከራከራል፣ በመጨረሻም አንድ ነገር ጽፎ ይወጣል። ቁጥሩ ከ15 ካለፈ ዝም የሚል ሰው መደበቂያ ያገኛል። ከ8 ካነሰ ደግሞ ሁለት ሰው በቀረ ቁጥር ውይይቱ ይቀዘቅዛል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የሚሰጠው የአንደኛ ዓመት ሴሚናር በአብዛኛው 12 ተማሪ ብቻ ነው የሚይዘው።

እኛ ዘንድ አንድ ሴክሽን 50 እና 60 ተማሪ ይይዛል፤ ስለዚህ ማካፈል ግድ ነው። 56 ተማሪ ቢኖርዎ አራት ቡድን ያውጡና ለእያንዳንዳቸው 14 ሰው ይድረሳቸው። እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢገናኝ፣ እርስዎ በሳምንት የሚመሩት ሁለት ሴሚናር ይሆናል። በአንድ ሴሚስተር ለአንድ ቡድን ሰባት ያህል ስብሰባ ይደርሰዋል፤ ይበቃል። ለዚህ የሚመቸው ኮርስ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ውስጥ የገባው «ግሎባል ትሬንድስ» ነው። «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» ወይም «ኢንክሉሲቭነስ» የሚያስተምርም ሰው በቀላሉ ያስገባዋል። ከሳምንቱ የሌክቸር ሰዓት አንዱን ወደ ሴሚናር ለማዛወር የትምህርት ክፍል ኃላፊዎን በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ በቃል የተፈቀደ ነገር ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ቡድኑን ሲያወጡ ጓደኛሞችን አንድ ላይ አይተዉ። በስም ቅደም ተከተልም አያውጡ። ሴቶቹን በየቡድኑ አንድ አንድ አድርጎ መበተንም ጥሩ አይደለም፤ ብቻዋን የሆነች ልጅ ዝም ትላለች። ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሆነው ይግቡ።

ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ቢሆን ይመረጣል። ከ11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፤ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ የሚገቡት ተማሪዎች ልባቸው ክፍል ውስጥ አይሆንም። ወንበሮቹን ክብ ያድርጉ። መብራት ቢጠፋ እንዳይቸገሩ የሚነበበውን ሁሉ በወረቀት ያዘጋጁ።

ደረጃ 2፦ በእግር የሚደረስበት ጉዳይ ይምረጡ

ሴሚናሩ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። «የዓለም ሰላም»፣ «ድህነትን መቀነስ»፣ «የአየር ንብረት ለውጥ» ብለው ከጀመሩ ተማሪው ከዜና የሰማውን ይመልስልዎታል፤ ከዚያ አይዘልም። ጉዳዩን በሦስት ጥያቄ ይፈትኑት። ተማሪዎቹ በእግር ሄደው ሊያዩት ይችላሉ? አሁን እየተካሄደ ያለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ወይም ድርድር አለው? አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ ውስጥ ደብዳቤ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አለው? ሦስቱንም ካለፈ ይያዙት።

እኔ የምመርጠው ፌስታልንና የሃይላንድ ፕላስቲክን ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ተራሮች ተነሥተው፣ ከተማዋን አቋርጠው፣ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይቀላቀላሉ። የእኛ ተማሪዎች የወንዙ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው የሚኖሩት፤ መሀል ከተማ የተጣለው እነሱ ደጅ ይደርሳል። ዳርቻው ላይ ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውኃ ይለማል፤ ገበያ ላይ ተገዝቶ ተመልሶ ወደ ከተማው ይገባል።

በዓለም ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ናይሮቢ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ፣ የባሕሩን ጨምሮ የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታ አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰነ። ድርድሩ በደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን ሳይቋጭ ቀረ፤ ነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይም ያለ ስምምነት ተበተነ። የአካባቢያችንን አገሮች ያየን እንደሆነ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስታልን ከልክለዋል። እኛም በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክለን ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

አሁን የሴሚናሩን ጥያቄ ያውጡ። ጥያቄ እንጂ ርዕስ አይሁን። ከእነዚህ ነገሮች ውስጥ የወጣ፣ እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በአቃቂ የወረደ ፌስታል ውቅያኖስ አያይም፤ እዚሁ አገራችን ውስጥ ይቀራል። ዓለም ስለ ፕላስቲክ ሲነጋገር የሚያሳየው ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ የባሕር ኤሊና የባሕር ዳርቻ ነው። ታዲያ ወንዛቸው ባሕር የማይገባ አገሮች ከዚህ ስምምነት ምን መጠየቅ አለባቸው? ይህን ጥያቄ ከአቃቂ ልጅ በላይ የመጠየቅ መብት ያለው የለም። ተማሪው ይህ ሲገባው አቀማመጡ ሁሉ ይቀየራል።

ፕላስቲክ ካልሆነልዎ ሌላም አለ። ሰበታ አካባቢ የሚያስተምሩ ከሆነ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ቅርብዎ ነው፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010፣ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን ተደራሽ የሚያደርገውን የማራካሽ ውል በ2020 ተቀብላለች። የራስዎ ኮሌጅ የሕንፃ መውጫ ደረጃዎችና ቤተ መጻሕፍት ራሱ የመስክ ሥራ ይሆናል። በጀሞና በረጲ በኩል ላሉት ደግሞ የቆሼ ጉዳይ አለ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። እሱን ከያዙ ግን ሐዘኑ ገና ያልወጣላቸው ቤተሰቦች ዙሪያዎን እንዳሉ አይርሱ፤ ከተማሪዎቹም መካከል ሊኖሩ ይችላሉ።

የብሔርና የፓርቲ ፖለቲካ ጉዳዮችን በመጀመሪያው ሴሚስተር አላስገባም። ፈርቼ አይደለም። ገና ሐሳብን ከሰው ለይተው መተቸት ያልተለማመዱ ልጆች እዚያ ከጀመሩ፣ ክቡ በሁለተኛው ሳምንት ለሁለት ይከፈላል።

ደረጃ 3፦ ዝምታውን ይክፈቱ

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዝም የሚለው ሐሳብ ስለሌለው አይደለም። 12 ዓመት የተማረው መምህር ሲጠይቅ እንዲመልስ እንጂ ራሱ እንዲጠይቅ አይደለም። በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ተናገር ሲባል አንደበቱ ይታሰራል።

ቋንቋውን ይልቀቁት። ውይይቱ በአማርኛ ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞ ማሰብ የሚቀለው ልጅ በአፋን ኦሮሞ ይናገር፣ ጎኑ ያለው ጓደኛው ይተርጉም። እንግሊዝኛው በመጨረሻ፣ ለዓለም አቀፍ ተቋም በሚጻፈው ወረቀት ላይ ይመጣል። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ብሎ የሚከራከርዎ ሰው ካለ፣ የሚያስብ ተማሪ እንግሊዝኛ ይማራል፤ ያልገባውን የሚሸመድድ ግን ሁለቱንም ያጣል ብለው ይመልሱለት።

ስብሰባው ሲጀመር ሁሉም ለአምስት ደቂቃ ይጻፍ። ጥያቄው ቀላል ይሁን፦ «በሰፈርህ ፌስታል የት ይጣላል? ማን ያነሣዋል?» ከዚያ በዙር እያንዳንዱ ከጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል። ሁሉም አንዴ ሳይናገር ማንም ሁለተኛ አይናገርም። ይህን ሕግ በጣም ያክብሩ፤ በመጀመሪያው ቀን አንዴ ድምፁን የሰማ ተማሪ ሁለተኛው ላይ አይቸገርም።

ሰብሳቢ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥና ሰዓት ጠባቂ በየስብሰባው ይቀያየሩ። እርስዎ ከክቡ መካከል እንደ ማንኛውም ሰው ተቀምጠው ማስታወሻ ይያዙ። ተማሪዎቹ ተናግረው ሲጨርሱ ዓይናቸው ወደ እርስዎ ይዞራል፤ ቲቸር ምን ይላል ብለው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ቀና ብለው ወደ ሰብሳቢው ይመልከቱ እንጂ መልስ አይስጡ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ከብዶ ይሰማል፤ ግማሽ ደቂቃ ቢቆይም ይታገሡት፣ አንዱ ይሞላዋል።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንድ የራሳችንን ታሪክ ያስነብቡ፤ የቡና የንግድ ምልክት ጉዳይ ጥሩ ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመለከተች፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ የተራድኦ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተና ብዙ ሺህ ሰዎች ለስታርባክስ ደብዳቤና ፋክስ ላኩ፤ ሰኔ 2007 ላይ ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ። ተማሪዎቹ ይህን አንብበው አንድ ሥራ ይሥሩ፦ በታሪኩ ውስጥ ማን ምን ሠራ? የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ሕጉን ያዘ፤ የገበሬዎች ማኅበራት ምስክር ሆኑ፤ የውጭ ደጋፊዎች ድምፅ ጨመሩ። የማንም ሥራ ብቻውን አይበቃም ነበር። አድቮኬሲ፣ ማለትም ለአንድ ጉዳይ መሟገት፣ ጩኸት ብቻ የሚመስለው ተማሪ እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍሉን ያያል።

ደረጃ 4፦ ጥቂት አንቀጽ፣ በደንብ

ሙሉ ስምምነት ወይም ሙሉ አዋጅ አያስነብቡ። ለፕላስቲኩ ሴሚናር አራት ቁርጥራጭ ይበቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 1 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። የ1999ኙ አዋጅ ስለ ፌስታል የሚለው አንቀጽ አለ። የናይሮቢው ውሳኔ የመጀመሪያ ገጽ አለ። አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ይህ አንቀጽ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በግሉ ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ ድርጊት ሲያይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተደሰተ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ይህን አንቀጽ ጮክ ብሎ ማንበብን የመሰለ ነገር የለም። አንዱ ተማሪ ያነባል፣ ሌላው በራሱ አነጋገር ይደግማል፣ ሦስተኛው «ስለዚህ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?» ብሎ ይጠይቃል። «ማንኛውም ሰው» የሚለው ውስጥ የ18 ዓመት ተማሪም እንዳለበት እነሱው ይደርሱበታል። ከዚያ የሚቀጥለውን ጥያቄ ራሳቸው ያነሡታል፦ ከ1999 ጀምሮ ሕግ ካለ ወንዙ ላይ ያለው ፌስታል ከየት መጣ? ከተሳካልዎ ይህ ክርክር ሙሉ ስብሰባ ይወስዳል፤ አያቋርጡት።

ደረጃ 5፦ ወደ ወንዙ ይውረዱ

የመስክ ሥራው በጥቅምትና በየካቲት መካከል ይሁን። ክረምት ላይ አቃቂ ይሞላል፤ ዳርቻው አደገኛ ነው።

ከመውጣትዎ በፊት ከትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ያሠሩ፤ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው። ከዚያ ወረዳው ጋር ሄደው ያሳውቁ። አንድ ጠዋት ይፈጅብዎታል፣ ግን ደብተር ይዘው ወንዝ ዳር የቆሙ 14 ወጣቶችን ያየ ሰው ሁሉ ምን ፈለጋችሁ ማለቱ አይቀርም፤ ወረቀቱ ያን ጊዜ ይጠቅማል።

ከዳርቻው መቶ ሜትር ይለኩ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ለአንድ ሰዓት የሚያዩትን ይቁጠሩ፦ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የዘይት ጄሪካን፣ ማዳበሪያ፣ ሌላ። ጓንት ያድርጉ፤ ውኃው ውስጥ ማንም አይግባ። ቆጠራው ጥናት ነው ብለው አያጋንኑት፤ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ያህል ቆጠርን» ማለት ይበቃል። እንዲህ በልኩ የተነገረ እውነት ቢሮ ውስጥ ይከበራል።

ከቆጠራው ይልቅ የሚያስተምረው ግን ንግግሩ ነው። ቆራሌው የትኛውን ፕላስቲክ ይገዛል፣ የትኛውን ይተዋል? ለምን? ጠርሙሱ ዋጋ ስላለው ከመንገድ ይለቀማል፤ ፌስታል ግን የሚገዛው ስለሌለ ወንዝ ውስጥ ይቀራል። ይህን ከቆራሌው አፍ የሰማ ተማሪ ስለ ፕላስቲክ ኢኮኖሚ ከመጽሐፍ የሚያገኘውን ግማሽ ተምሯል። ጎመን የሚያጠጡትን እናት ስለ ውኃው ይጠይቁ፤ ባለሱቁን አዲሱን ሕግ ሰምቶ እንደሆነ ይጠይቁ። «እማማ»፣ «ጋሼ» ብለው ይጀምሩ፣ ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ይናገሩ፣ ሳይፈቀድ ፎቶ አያንሡ። ስም አይጻፉ። ሥራው ሲያልቅም ተመልሰው ሄደው ምን እንደጻፉ ይንገሯቸው። ያናገሩትን ሰው ረስቶ መቅረት ነውር ነው፤ ይህን ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ዓመት ይልመዱት።

ደረጃ 6፦ አድራሻውን ይፈልጉ

በከተማዋ ዳርቻ ላይ ይህ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። አንደኛው ሰፈር በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው፤ ትንሽ አለፍ ሲሉ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ ይጀምራል፣ እሱ ደግሞ ኦሮሚያ ነው። ወንዙ ወሰን አያውቅም፤ መዝገብ ቤት ግን ያውቃል። በተሳሳተ ቢሮ የገባ ደብዳቤ «እኛን አይመለከተንም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የቆጠሩበት ቦታ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አስቀድመው ከወረዳው ያረጋግጡ።

ቡድኑ በሰሌዳው ላይ መሰላል ይሣል። ከታች ወረዳው፤ ከዚያ የከተማው ወይም የክልሉ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፤ ከዚያ የፌዴራሉ የኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፤ ከዚያ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፤ ከላይ የተባበሩት መንግሥታት ድርድር። በየደረጃው ፊት ለፊት አንድ ነገር ይጻፉ፦ ይህ ቢሮ ምን የመወሰን ሥልጣን አለው? ለወረዳ «ዓለም አቀፍ ስምምነት ይፈረም» ብሎ መጻፍም፣ ለተባበሩት መንግሥታት «የሰፈራችን ገንዳ ይነሣ» ብሎ መጻፍም ከንቱ ድካም ነው።

በዓለም መድረኮች ላይ በቀጥታ ለመቅረብ የታዛቢነት ዕውቅና ያስፈልጋል፤ አንድ የኮሌጅ ቡድን ይህን አያገኝም። መንገዱ ዕውቅና ካለው ድርጅት ጋር መሥራት ነው። በአየር ንብረት ስምምነቱ ሥር ወጣቶችን የሚያሰባስበው «ያንጎ» የተባለው ስብስብ ለተማሪም ክፍት ነው፤ ለ2027ቱ ጉባኤ የሚዘጋጅ ቡድን ከእሱ ቢጀምር መልካም ነው። የሰብአዊ መብት ጉዳይ ለያዘ ሴሚናር ደግሞ አገሮች በየአራት ዓመት ተኩሉ የሚፈተሹበት የተባበሩት መንግሥታት አጠቃላይ ግምገማ አለ። አንድ ድርጅት ለብቻው የሚያስገባው ጽሑፍ ከ2,815 ቃል እንዳይበልጥ ይጠየቃል፤ በዚህ ልክ መጻፍ ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው።

ደረጃ 7፦ አንድ ገጽ

የመጨረሻው ሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። 20 ገጽ ተርም ፔፐር መምህሩ አንብቦት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ደብዳቤ ግን የሚጠብቀው ሌላ ሰው አለ። አንደኛ ዓመት ተማሪ ቃላቱን መምረጥ የሚጀምረው የማያውቀው ኃላፊ እንደሚያነበው ሲያውቅ ነው።

አምስት ነገር ይኑረው፦ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳዩ፣ የትኛው ሕግ እንደሚመለከተው፣ ምን እንደሚጠይቁ፣ እስከ መቼ መልስ እንደሚጠብቁ። አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የመጀመሪያ ረቂቆች ብዙውን ጊዜ «መንግሥት ለፕላስቲክ ብክለት ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ እንጠይቃለን» ይላሉ። ኃላፊው ለዚህ «ትኩረት ሰጥተናል» ብሎ ይመልሳል፤ ጉዳዩ አለቀ። ከዚህ ጋር ያስተያዩት፦ «ባለሥልጣኑ በአቃቂ ድልድይ አካባቢ ላሉ ሱቆች ስለ አዲሱ አዋጅ ያሰራጨው ማሳሰቢያ ካለ ቅጂው እንዲሰጠን፣ ከሌለ መቼ እንደሚያሰራጭ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።» ይህ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ያስፈልገዋል። ለፌዴራሉ ባለሥልጣን የሚጻፈው ደግሞ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የፕላስቲክ ስምምነቱ ድርድር ሲቀጥል የአገራችን ልዑክ፣ ባሕር የማይደርሱ ወንዞችና የሚያርፉባቸው ሐይቆች በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ እንዲጠቀሱ እንዲጠይቅ ሐሳብ እናቀርባለን።»

ረቂቁ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የአገራችን ቅኔ ቤት ይህን ስልት ከጥንት ያውቀዋል፤ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፣ የጎደለው እዚያው ይታረማል። ደብዳቤውም ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እንዲሁ ይለፍ። እያንዳንዱን መስመር «ይህን እንዴት አወቅን?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የሌለው መስመር ይሰረዝ። በቻትጂፒቲ የተጻፈ ረቂቅ የሚያመጣ ይኖራል፤ ይህ ፈተና ራሱ ይለየዋል፣ ምክንያቱም ወንዙ ዳር ያልነበረ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ መመለስ አይችልም።

ደረጃ 8፦ ያስገቡ፣ ይከታተሉ

ደብዳቤውን ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በእጃቸው መዝገብ ቤት ያስገቡ። ሁለት ቅጂ ይያዙ፤ በአንደኛው ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስመቱ። ይህ ቁጥር ከሌለ ደብዳቤው እንዳልተጻፈ ቁጠሩት።

መረጃ ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል፤ ካልመለሰ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል። የአዋጁን ቁጥር በደብዳቤው ላይ መጥቀስ የመልሱን ፍጥነት ይለውጠዋል።

በትምህርት ክፍሉ ስም፣ እንደ ኮርስ ሥራ እስከጻፉ ድረስ እንደ ማኅበር መመዝገብ አያስፈልግም፤ አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተሰጠ መብት ነው። ከሴሚናሩ በኋላ ቋሚ ማኅበር ለማቋቋም የሚፈልጉ ተማሪዎች የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን ያንብቡ። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚለጥፉ ከሆነ የሰው ፊትና የድርጅት ስም ያለበትን ነገር መጀመሪያ ለቡድኑ ያሳዩ።

መልስ ላይመጣ ይችላል። ለዚህ ተማሪዎቹን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የምጠቀምበት ታሪክም የራሳችን ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ አስተዳደር ናሚቢያን እንዴት እንደያዘ ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 ክስ አቀረቡ። ከስድስት ዓመት ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ «ለመክሰስ የሚያበቃ ጥቅም የላችሁም» ብሎ አሰናበታቸው። በዚያው ዓመት ግን ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪካን የሞግዚትነት ሥልጣን ሰረዘ፤ በ1971 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። ተማሪዎቹ በዚህ ላይ ይከራከሩ፦ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ተሸንፈዋል ማለት ይቻላል?

ደረጃ 9፦ ውጤትና ፋይል

በመልሱ ላይ ተመሥርተው ማርክ አይስጡ፤ ቢሮ ባለመመለሱ ተማሪ መቀጣት የለበትም። ከተከታታይ ምዘናው 50 ውስጥ 30ውን ለሴሚናሩ ይስጡ፦ 10 በየስብሰባው ለሚጻፉት የአምስት ደቂቃ ጽሑፎች፣ 10 ለመስክ ማስታወሻ፣ 10 ለደብዳቤው። የደብዳቤው ማርክ የቡድን ነው፤ ሌሎቹ የግል። ንግግር ላይ ማርክ አላስቀምጥም፤ ለማርክ የሚናገር ሰው ሌላውን አይሰማም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ፋይል ለትምህርት ክፍሉ ያስረክብ። ውስጡ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ የቆጠራው ሠንጠረዥ፣ ማኅተም ያለበት የደብዳቤ ቅጂና የመጣ መልስ ካለ እሱ ይኑር። በሚቀጥለው ዓመት የሚገቡት ተማሪዎች የመጀመሪያ ንባብ ይህ ፋይል ይሁን። ያው መቶ ሜትር ላይ በያው ወር እንደገና ይቆጥራሉ፤ ሁለት ዓመት የተቆጠረ ነገር ማነጻጸሪያ ስላለው ከአንድ ዓመቱ ይልቅ ክብደት አለው። መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ ካለም አዲሱ ቡድን የገቢ ቁጥሩን ጠቅሶ በሁለተኛው ሳምንት የክትትል ደብዳቤ ይጻፍ።